ያዩትን የጻፉ ሰዎች

ጁላይ 22 ቀን 1944 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላን በሰሜን ቻይና ያናን በምትባል ከተማ ለማረፍ ዝቅ አለ። ማረፊያው አስፋልት የማያውቅ ሜዳ ነበር። አውሮፕላኑ መሬት ነክቶ እየተንደረደረ ሳለ ጎማው አንድ አሮጌ መቃብር ውስጥ ገባ፤ ፕሮፔለሩ ተገንጥሎ የአብራሪውን ክፍል ቀደደው። አብራሪው ለጥቂት ተረፈ። አቧራው ሰከን ሲል ዘጠኝ አሜሪካውያን ወረዱ። ሊቀበሏቸው ከወጡት ሰዎች መካከል ቹ ኤን ላይ ነበረበት።

ያናን ያኔ የቻይና ኮሚኒስቶች ዋና ከተማ ነበረች። ከተማ ማለቱም ትንሽ ይከብዳል፤ ማኦ ዜዶንግና ጓዶቹ ይኖሩ የነበሩት በቢጫ አፈር ኮረብታዎች ውስጥ በተቆፈሩ ዋሻዎች ነው። አሜሪካ የምታውቀው መንግሥት ሌላ ነበር፤ በደቡብ ምዕራብ ቾንግቺንግ ላይ የተቀመጠው የቺያንግ ካይ ሼክ መንግሥት። ገንዘቡም መሣሪያውም የሚሄደው ለእሱ ነው። ቺያንግና ማኦ በይፋ በጃፓን ላይ አብረው የቆሙ ናቸው፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ሁለቱም ዓይናቸው ከጦርነቱ በኋላ በሚመጣው የእርስ በርስ ፍልሚያ ላይ ነበር። ዋሽንግተን አንድ ነገር ማወቅ ፈለገች። እነዚያ በዋሻ የሚኖሩት ሰዎች እነማን ናቸው?

ይህን እንዲያጣሩ ከተላኩት አንዱ ጆን ሰርቪስ የሚባል የ34 ዓመት ዲፕሎማት ነበር። ሰርቪስ የተወለደው ቻይና ውስጥ፣ ሲቹዋን ክፍለ ሀገር ቼንግዱ ከተማ ነው፤ ወላጆቹ ለክርስቲያናዊ አገልግሎት የሄዱ አሜሪካውያን ነበሩ። ጓደኛው ጆን ፓተን ዴቪስም እዚያው ሲቹዋን፣ ከአንድ ዓመት በፊት፣ ከሚስዮናውያን ቤተሰብ የተወለደ ነው። ሁለቱም አድገው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሲቀጥራቸው፣ መሥሪያ ቤቱ ፔኪንግ ላይ አስቀምጦ ሁለት ሁለት ዓመት ቋንቋ አስተማራቸው። ቢሮ የለ፣ ሪፖርት የለ፤ ሥራቸው መማር ብቻ ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች «ኤሪያ ስተዲስ» የሚሉት፣ የአንድን የዓለም ክፍል ቋንቋ፣ ታሪክና ፖለቲካ አንድ ላይ አድርጎ የማጥናት ትምህርት ገና ስሙ ሳይገን በፊት እነዚህ ሰዎች በአካል ኖረውበታል።

ሰርቪስ ያናን ላይ ወራት ቆየ። ከማኦ ጋር ለሰዓታት ተቀምጦ አወራ። ከወታደሩም፣ ከገበሬውም፣ ከተማሪውም ጋር አወራ። ከቾንግቺንግ ለመጣ ሰው ልዩነቱ ዓይን የሚስብ ነበር። እዚያ የዋጋ ግሽበት፣ ሙስና፣ በገመድ ታስረው ወደ ጦር ግንባር የሚነዱ ምልምሎች፣ በየጥጉ ሰላይ። እዚህ ለማኝ አይታይም፣ አለቃውና ምንዝሩ የሚለብሱት ያው ተራ ልብስ ነው፣ ገበሬው ደግሞ ወታደሩን አይሸሽም። ሰርቪስ ይህን ሁሉ ጻፈ። የደረሰበት ድምዳሜ ለዋሽንግተን ጆሮ የሚጥም አልነበረም፤ እነዚህ ሰዎች የሕዝብ ድጋፍ አላቸው፣ በቀላሉ የሚጠፉም አይደሉም፣ አሜሪካ ዕጣዋን ከቺያንግ ጋር ብቻ ካሰረች ከሚወድቅ ቤት ሥር ቆማለች። ዴቪስም በዚያው ዓመት መጨረሻ ያንኑ በይበልጥ ድፍረት ጻፈው፤ የቻይና ዕድል ከእንግዲህ በኮሚኒስቶቹ እጅ ነው አለ።

ልክ ነበሩ ወይ? ዋናውን ነገር፣ ማን እንደሚያሸንፍና ለምን እንደሚያሸንፍ፣ ልክ ነበሩ። ሁሉን ግን አይደለም። ያናን ለእንግዳ የምታሳየውን ፊት ነው በብዛት ያዩት። ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው የተጀመረው «የማስተካከያ ዘመቻ» የፓርቲውን ሰዎች እንዴት እንዳሸማቀቀና ስንቱን በሰላይነት ጠርጥሮ እንዳሠቃየ በሪፖርታቸው ውስጥ ተገቢውን ቦታ አላገኘም። የማኦን ሰዎች ከኮሚኒስትነታቸው ይልቅ ብሔርተኝነታቸው ይበልጣል ብለውም አስበዋል። ይህ ቀላል ስህተት አይደለም፤ በኋላ በቻይና ገበሬ ላይ የደረሰውን ለሚያውቅ ሰው ንባቡ ያስጨንቃል። ነገር ግን የአንድ ዲፕሎማት ሥራ ትንቢት አይደለም። ያየውን ማቅረብ ነው፤ የጎደለውን ሌላው ይሞላል፣ ይከራከራል፣ ያርማል። ችግሩ የመጣው ክርክሩ ራሱ ሲከለከል ነው።

እዚህ ላይ ፓትሪክ ሃርሊ ይገባል። ሃርሊ የኦክላሆማ ሰው፣ ጀነራል፣ የቀድሞ የጦር ሚኒስትር ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መልእክተኛው አድርጎ ላከው፤ ትንሽ ቆይቶም አምባሳደር ሆነ። ቻይንኛ አያውቅም። በኖቬምበር 1944 ያናን ሲደርስ ከአውሮፕላኑ ወርዶ፣ ማኦና ቹ ኤን ላይ ፊት ለፊት ቆመው፣ የቾክታው ጎሣ ሕንዶችን የጦር ጩኸት አንባረቀባቸው። ቀልድ መሆኑ ነው። ሃርሊ ሁለቱን ወገኖች በራሱ ግርማ ሞገስ እንደሚያስታርቅ በልቡ ያምን ነበር። ሳይሆንለት ሲቀር ደግሞ ቺያንግን ያለ ቅድመ ሁኔታ መደገፍ የፕሬዚዳንቱ ፖሊሲ ነው አለና የሚቃረነውን ሪፖርት ማፈን ጀመረ።

ፌብሩዋሪ 1945 ሃርሊ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ኤምባሲው ለጥቂት ቀናት ተነፈሰ። በጉዳይ ፈጻሚነት የተተካው ጆርጅ አቺሰን ይባላል (ኋላ ከምናገኘው ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከዲን አቸሰን ጋር እንዳይምታታ)። በ28ኛው ቀን የኤምባሲው የፖለቲካ ሠራተኞች አንድ ቴሌግራም ላኩ። ረቂቁን ያዘጋጀው ሰርቪስ ነው። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ቺያንግን ብቻ እያስታጠቅን ከቀጠልን እሱ ለመስማማት እምቢ ይላል፣ ኮሚኒስቶቹም ወደ ሶቪየት ኅብረት ይገፋሉ፣ ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ ጃፓንን የሚወጉትን ሁሉ እንደምንረዳ ለቺያንግ በግልጽ ይንገሩት። አለቃ በሌለበት የአለቃን ፖሊሲ የሚተች ቴሌግራም! ሃርሊ ዋሽንግተን ላይ ሲያነበው ጦፈ፤ ክህደት ነው አለ። ሰርቪስ በኤፕሪል ከቻይና ተጠራ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ነው። አገሩ የገባው ሰርቪስ አሜሬዢያ ለሚባል መጽሔት አዘጋጅ የራሱን አንዳንድ ሪፖርቶች ቅጂ ሰጠ። ዲፕሎማቶች ለጋዜጠኞች መረጃ መስጠታቸው የተለመደ ቢሆንም ይኼኛው ጥንቃቄ የጎደለው ነበር፤ አዘጋጁ በኤፍቢአይ የሚጠበቅ ሰው ነው። ጁን 6 ቀን ሰርቪስ ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ታሰረ። ጉዳዩን ያየው ግራንድ ጁሪ በሰርቪስ ላይ ክስ ለመመሥረት አንድም ድምፅ አልሰጠም። ነጻ ወጣ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ስሙ ግን ፋይል ውስጥ ገብቷል። ሃርሊ ደግሞ በኖቬምበር ሥራውን ሲለቅ፣ ያከሸፉኝ ከኮሚኒስቶቹ ጋር የወገኑ የራሳችን ዲፕሎማቶች ናቸው ብሎ በአደባባይ ተናገረ።

ኦክቶበር 1 ቀን 1949 ማኦ ቤጂንግ ላይ ሕዝባዊ ሪፐብሊክን አወጀ። ዲፕሎማቶቹ ከአምስት ዓመት በፊት ይሆናል ያሉት ሆነ። እንግዲህ ጤነኛ አእምሮ ያለው መሥሪያ ቤት ቢሆን «እነዚያን ልጆች ጥሯቸው፣ ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ይል ነበር። የአሜሪካ ፖለቲካ የጠየቀው ግን ሌላ ነው፤ «ቻይናን ማን አጠፋት?» ጥያቄው ውስጥ ቻይና የአሜሪካ ንብረት ነበረች የሚል ግምት አለ፤ ይህን ማንም ልብ ያለው አይመስልም። ፌብሩዋሪ 1950 ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ዌስት ቨርጂኒያ ላይ ተነሥቶ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በኮሚኒስቶች ተሞልቷል አለ፣ ከጠራቸው ስሞች አንዱም ሰርቪስ ነበር። ያሸንፋሉ ብለህ ጽፈሃልና እንዲያሸንፉ ፈልገሃል፤ ፈልገሃልና ረድተሃል።

እኔ የምተዳደረው ኮድ በመጻፍ ነው። ሰርቨር ሊወድቅ ሲል የሚጮህ ማስጠንቀቂያ እንሠራለን፤ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ይጮሃል፣ ያናድዳል፣ ሰው ድምፁን ያጠፋዋል። ይኼ ያለ ነገር ነው። ሰርቨሩ ከወደቀ በኋላ ግን «ቀድሞ የጮኸው እሱ ነው፣ የጣለውም እሱ መሆን አለበት» ብሎ ማስጠንቀቂያውን የሚነቅል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ዋሽንግተን ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ሰርቪስ በመሥሪያ ቤቱ የታማኝነት ቦርድ ፊት ደጋግሞ ቀርቦ ደጋግሞ ነጻ ተባለ። ዲሴምበር 1951 ከበላይ ያለው የይግባኝ ቦርድ በታማኝነቱ ላይ «አጠራጣሪ ነገር አለ» ሲል ሚኒስትሩ ዲን አቸሰን ዕለቱኑ አባረረው። ጆን ካርተር ቪንሰንት በ1953 በግድ ጡረታ ወጣ። ቤጂንግ የነበረውን የመጨረሻውን የአሜሪካ ቆንስላ የዘጋው ኤድመንድ ክላብ ከሥራ ታግዶ፣ ተጣርቶለት፣ ሲመለስ የሚረባ ቦታ ስላልተሰጠው ለቀቀ። ዲፕሎማት ያልነበረው ፕሮፌሰር ኦወን ላቲሞር፣ ስለ ሞንጎሊያና ስለ መካከለኛው እስያ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አሜሪካዊ የማይገኝለት ሰው፣ በሐሰት ምስክርነት ተከሰሰ፤ ክሱ በ1955 ወደቀ፣ እሱም ቆይቶ እንግሊዝ አገር ሊድስ ሄዶ የቻይና ጥናት ትምህርት ክፍል መሠረተ። ዴቪስ ዘጠኝ ጊዜ ተመርምሯል። ዘጠኝ! የመጨረሻው ቦርድ ከሃዲ ነው አላለም፤ የማመዛዘንና የጥንቃቄ ጉድለት አለበት አለ። በኖቬምበር 1954 ተባረረ፣ ቤተሰቡን ይዞ ፔሩ ቀረ፣ ሊማ ላይ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ከፈተ። ወንበርና ጠረጴዛው በዲዛይን ሽልማት አግኝቷል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የሰርቪስ ሥራ ነው፤ ምናልባት ኢንጂነሪንግ ስለተማርኩ ይሆናል። ኒውዮርክ ውስጥ የቀጠረው ድርጅት ስቲም ትራፕ የሚሠራ ነበር። እንፋሎት በሚሄድበት ቧንቧ ውስጥ የቀዘቀዘው እንፋሎት ውሃ ይሆናል። ውሃው መውጣት አለበት፣ እንፋሎቱ ግን መቅረት አለበት፤ ሁለቱን የምትለየው ትንሿ ዕቃ ናት ስቲም ትራፕ። ሰርቪስ መሐንዲስ አልነበረም። ግን ተቀምጦ አጠናት፣ የተሻለ ንድፍ አወጣላት፣ ድርጅቱም ተጠቀመበት። በመካከሉ ክሱን ይዞ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1957 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ሚኒስትሩ የራሱን መሥሪያ ቤት ደንብ ጥሶ ነው ያባረረው ብለው ፈረዱለት፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ወደ ቻይና ጉዳይ ግን አልተመለሰም። የመጨረሻ ሹመቱ ሊቨርፑል ቆንስላ ነበር፤ በ1962 ጡረታ ወጣ።

ለማነጻጸር አንድ ሌላ ሰው ልጥቀስ። ጆርጅ ኬናን እንደ ሰርቪስ ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ ወጪ የአንድ አገር ቋንቋና ታሪክ የተማረ ሰው ነው፤ የእሱ ሩሲያ ነበረች። ፌብሩዋሪ 1946 ከሞስኮ ረጅም ቴሌግራም ላከ፣ ዋሽንግተን አባዝታ አነበበችው፣ በአንድ ጊዜ ዝነኛ ሆነ። ሁለቱ ሰዎች ሥራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ዕጣቸው የተለያየው ኬናን የጻፈው አለቆቹ ለመስማት ያኮበኮቡትን ነገር ስለሆነ ይመስለኛል። ኬናን ራሱ በኋላ «የጻፍኩት ከመጠን በላይ በወታደር ዓይን ተነበበ» ማለት ሲጀምር የሚሰማው እየቀነሰ ሄደ። ለክብሩ ሲባል መነገር ያለበት፣ ዴቪስ ሲከሰስ ኬናን ከጎኑ ቆሟል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ወደ እኛ ቤት የሚመጣ ክር አለ። ኦክቶበር 3 ቀን 1950፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ቹ ኤን ላይ ቤጂንግ ያለውን የሕንድ አምባሳደር ፓኒካርን አስጠርቶ፣ የአሜሪካ ጦር በኮሪያ 38ኛውን መስመር ከተሻገረ ቻይና እንደምትገባ ነገረው። አሜሪካ ቤጂንግ ውስጥ ኤምባሲ የላትም። መልእክቱ በሕንድ በኩል ደረሰ፤ ፓኒካር የሚታመን ሰው አይደለም፣ ነገሩም ማስፈራሪያ ነው ተብሎ ታለፈ። ጦሩ ተሻገረ። በዚያው ወር ቻይናውያን ያሉ ወንዝን ተሻግረው ገቡ። ሰርቪስ ጥሩ ወንበር ላይ ቢኖር ውሳኔው ይቀየር ነበር ብዬ አልምልም፤ ጀነራል ማካርተርን የሚያቆም ቀላል አልነበረም። ግን የቹ ኤን ላይን ድምፅ ከሚያውቁት ሰዎች አንዱ ያን ሰሞን ሥራው ራሱን መከላከል ነበር። በሜይ 1951 ቡሳን ወደብ የወረደው የቃኘው ሻለቃ የገባው እዚህ ጦርነት ውስጥ ነው። ከደብረ ብርሃን፣ ከሐረር፣ ከወለጋ የሄደ ልጅ በኮሪያ ኮረብታ ላይ የተዋጋው በአብዛኛው ከቻይና ወታደር ጋር ነው። ከ120 በላይ የሚሆኑት አልተመለሱም።

ከዚያ ደግሞ የገንዘቡ ዘመን መጣ። ኦክቶበር 1957 ሶቪየቶች ስፑትኒክን አመጠቁ፤ አሜሪካ ደንግጣ በ1958 የመከላከያ ትምህርት ሕግ አወጣች። የሕጉ ስድስተኛ ክፍል ዩኒቨርሲቲዎች የዓለምን ክፍሎችና ብዙም የማይማሩ ቋንቋዎችን እንዲያስተምሩ ገንዘብ የሚሰጥ ነው። የመካከለኛው ምሥራቅ፣ የአፍሪካ፣ የደቡብ እስያ ጥናት ማዕከላት የተስፋፉት በዚህ ነው። አማርኛም ተጠቅሟል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ማሠልጠኛ ተቋም ያሳተመው የአማርኛ መማሪያ ዛሬም ከነድምፁ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፤ ስሙት፣ የዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ አነጋገር ደስ ይላል። ሎስ አንጀለስ የነበረው ቮልፍ ሌስላው የአማርኛ መማሪያ መጽሐፉን ያወጣው በ1967 ነው።

ግን እስቲ አስቡት። በአንድ እጅ ቋንቋ የሚያስተምር ገንዘብ እየተበተነ፣ በሌላ እጅ ቋንቋውን አውቆ የጻፈ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለሁሉም ታይቷል። ወጣቱ ዲፕሎማት ሁለቱንም ትምህርት ወሰደ። ሪፖርት ሲጽፍ «በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል» እያለ ማድበስበስ ተማረ። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የመከላከያ ሚኒስትር የነበረው ሮበርት ማክናማራ በ1995 ባሳተመው ማስታወሻ ላይ፣ በስድሳዎቹ ስለ ደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚያማክራቸው አዋቂ እንዳልነበራቸው ይናገራል፤ ምክንያት ብሎ ከሚያነሣው አንዱ ዴቪስ፣ ሰርቪስና ቪንሰንት በማካርቲ ዘመን መባረራቸው ነው። ማክናማራ ራሱን ለማዳን ከማለት አልጠራም፤ አዋቂ አልጠፋም፣ ሳይጎን የነበሩ ጋዜጠኞች እንኳ ይጮሁ ነበር። የማድመጥ ልማዱ ነው የጠፋው።

ይህን ታሪክ ሳነብ በየጊዜው ወደ ራሳችን መመለሴ አልቀረም። ካይሮ፣ ካርቱም፣ ሞቃዲሾ፣ አስመራ፣ ሪያድ ለአዲስ አበባ ሩቅ አይደሉም። ስለ እያንዳንዳቸው ሁላችንም አስተያየት አለን፤ እኔም ማታ ማታ ከሥራ ወጥቼ ስለ ቀይ ባሕር የማልሰማው ትንታኔ የለም። አሁን አንድ ልጅ ዓረብኛ አጥንቶ፣ ካይሮ ኖሮ፣ ጋዜጣቸውን አንብቦ፣ ከገበሬያቸውም ከምሁራቸውም ጋር አውርቶ ይምጣ እንበል። «ትክክል ናቸው» ባይልም እንኳ፣ «ስለ ዓባይ እንዲህ የሚያስቡት በዚህ በዚህ ምክንያት ነው፤ እኛ ስለ እነሱ የምንለው ይኼኛው ነገር ልክ አይደለም» ብሎ ይጻፍ። የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፦ አንተ የማን ወገን ነህ? ማስረዳትን ከመውገን የማንለይ ከሆነ ያ ልጅ ሁለተኛ አይጽፍም፤ ወይም የምንወደውን ይጽፍልናል። «እውነቱን ተናግረህ ከመሸበት እደር» ይባላል። የመሸበት ሰው የሚያድርበት ቤት ግን ማዘጋጀት የመሥሪያ ቤቱ ፈንታ ነው።

ቻይናና አሜሪካ ለሃያ ዓመት ሲኮራረፉ ሌላውም ዓለም አብሮ ተጠነቀቀ። ቹ ኤን ላይ በ1964 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ሲመጣ ጃንሆይ የተቀበሉት አዲስ አበባ ሳይሆን አስመራ ላይ ነው። ግንኙነቱ በይፋ የተመሠረተው በ1970 ነው፤ በተከታዩ ዓመት ኦክቶበር ጃንሆይ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ። በዚያው በ1971 ቻይና የገባ ሌላ እንግዳ ነበር፤ ጆን ሰርቪስ። 62 ዓመቱ ነው፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የቻይና ጥናት ማዕከል ውስጥ ይሠራል። ቹ ኤን ላይ ራሱ ተቀብሎ አነጋገረው። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 1972፣ ሪቻርድ ኒክሰን ቤጂንግ አረፈ፤ በማካርቲ ዘመን ዲፕሎማቶችን «ለኮሚኒስት የለዘቡ» ብለው ሲከሱ ከነበሩት ፖለቲከኞች አንዱ የነበረው ያው ኒክሰን። ጃንዋሪ 1973 የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ማኅበር ለቻይና አዋቂዎቹ ዋሽንግተን ላይ የክብር ምሳ አደረገላቸው፣ ሰርቪስም ንግግር አደረገ።

የፌብሩዋሪ 28ቱ ቴሌግራም መሥሪያ ቤቱ በሚያሳትማቸው የታሪክ ሰነዶች ውስጥ በ1945 የቻይና ቅጽ ታትሟል፤ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ በነጻ ያነበዋል። ጥቂት ገጽ ነው። ከግርጌው ያለው ፊርማ አቺሰን ይላል፤ በ1947 ሃዋይ አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ ስለሞተ፣ በጓደኞቹ ላይ የደረሰውን አላየም።